በካርጎ ብስክሌት አስቤዛም ልጅም ለመጫን

ኮፐንሃገን ወይ አምስተርዳም ያላችሁ ሰዎች መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ካርጎ ብስክሌትን፣ ማለትም ፊቱ ላይ ትልቅ የእቃ ሳጥን ያለውን ብስክሌት፣ አስቡበት፣ ፓርኪንግ ፍለጋ የለ ቤንዚን የለ፣ የሳምንቱን አስቤዛና ልጆቹን ባንዴ ጭኖ በር ድረስ ያደርሳችኋል፣ እኔ በጣም ነው የምወደው።

መጀመሪያ አይነቱን ምረጡ። ባለሶስት ጎማው፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1984 ዴንማርክ የተጀመረው ክርስቲያኒያ ባይክ፣ ቆሞ አይወድቅም ለልጆችም አሪፍ ነው፣ ግን ኩርባ ላይ በፍጥነት ከገባችሁ አንዱ ጎማ ሊነሳ ስለሚችል ቀስ በሉ። ባለሁለት ጎማው ፈጠን ይላል፣ የፊት ጎማው ራቅ ስለሚል ግን መሪው መጀመሪያ ግራ ያጋባል፣ ስለዚ ባዶውን ሰፊ ሜዳ ላይ ተለማመዱ፣ አይናችሁንም ጎማው ላይ ሳይሆን ወደፊት መንገዱ ላይ አርጉ።

ስትጭኑ ከባዱ ከታች፣ ድንች ውሃ ምናምን፣ እንቁላልና ዳቦ ከላይ፣ ከዛ በገመድ ጠበቅ። ልጅ ካለ ቀበቶና ሄልሜት ግዴታ አርጉት። ጭነት ሲኖር ቶሎ አይቆምም፣ ብሬክ ቀደም ብላችሁ ያዙ።

ዳገት ከበዛ ባለ ኤሌክትሪክ ሞተሩን ውሰዱ፣ በአውሮፓ ህብረት ህግ ሞተሩ እስከ 250 ዋት ሆኖ ፔዳል ስትመቱ ብቻ ካገዘና 25 ኪሎሜትር በሰዓት ላይ እገዛው ከቆመ እንደ ተራ ብስክሌት ነው የሚታየው። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ማታ የምታሳድሩበትን በር ስፋት ለኩ።