ጃንሜዳ ከመውጣታችሁ በፊት፦ አዲስ ግላይደር የሚሰብሩ ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ልጅ ጃንሜዳ ላይ ግላይደሩን ሰበረ። ሦስት ወር ለፍቶ የሠራት ናት። ክንፏ ላይ በቀይ ማርከር «ፀሐይ 2» ብሎ ጽፎባታል። አንደኛዋ ፀሐይ በ1928 ዓ.ም እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የበረረችው፣ ጣሊያን ወስዶ በ2016 ዓ.ም ያስረከበን አውሮፕላን ናት። የልጁ ፀሐይ ግን አየር ላይ የቆየችው አራት ሰከንድ ያህል ነው።

«ነፋሱ ነው» አለኝ። ምን ነፋስ? ያን ቀን አንድ ሰዓት ላይ ሜዳው ዙሪያ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም ነበር። ግላይደሯ የተሰበረችው ዓርብ ማታ፣ እቤቱ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጃንሜዳ የመጣችው ለቀብሯ ነው።

ይሄን ነገር ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አላውቅም። ስለዚህ ዛሬ ልጻፈው። የማወራው በሪሞት ስለሚበር፣ ሞተር ስለሌለው ግላይደር ነው። ሞተር ያለው ሰው ሲሳሳት ነዳ አድርጎ ያመልጣል። እኛ የምንነዳው ነገር የለንም።

«ክብደቷ አሳዘነኝ»

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ስብርባሪውን እየለቀምን «ሲጂዋን አይተሃል?» አልኩት። ሲጂ የምንለው የስበት ማዕከሏን፣ ማለትም ሚዛኗን የምትጠብቅበትን ነጥብ ነው። «አዎ ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ነው። የእርሳስ ብረት ልጨምርባት ብዬ ነበር፤ ግን ክብደቷ አሳዘነኝ» አለኝ።

አሳዘነኝ! ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለው። ግላይደር ቀላል መሆን አለባት ብሎ ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። ሦስት ወር በአሸዋ ወረቀት ግራም በግራም ሲያሳሱ ይከርማሉ፤ ከዚያ አፍንጫዋ ውስጥ ሃያ ግራም እርሳስ ጨምሩ ስትሏቸው ልጃቸውን ድንጋይ አሸክሙ የተባሉ ይመስላቸዋል። ሃያ ግራም ብትጨምሩ እኮ ትንሽ ፈጠን ብላ ትበራለች፤ በቃ። አፍንጫዋ የከበደ ግላይደር ትታገሣችኋለች። ጭራዋ የከበደ ግን ያልተገራ ፈረስ ናት። በትንሹ ወደ ላይ ስትሏት አፍንጫዋን ሰማይ ላይ ትሰቅላለች፣ ፍጥነቷን ትጨርሳለች፣ ከዚያ በአንድ ክንፏ ትወርዳለች። ልታስተካክሉ ስትሞክሩ ደግሞ ይብስባታል። እጃችሁ ፈጣን ቢሆንም አይረዳችሁም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባትሪዋን ጨምሮ ለመብረር የሚያስፈልጋት ሁሉ ውስጧ ይግባ። ፕላኑ ላይ የተሰጠ ነጥብ ካለ እሱን ያዙ። ከሌለ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ተነስታችሁ የክንፉን አማካይ ስፋት 30 በመቶ ለኩ። ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 6 ሴንቲ ሜትር ላይ ማለት ነው። ከክንፉ ሥር በግራም በቀኝም በመጻፊያ እርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ምልክቱ ላይ በሁለት ጣት አንሷት። አፍንጫዋ በትንሹ ዘንበል ካለ ጥሩ ነው። ጭራዋ ከወረደ መጀመሪያ ባትሪውን ወደ ፊት ግፉት። ካልበቃ እርሳስ ጨምሩ። እኔ እርሳስ ሳጣ የአንድ ብር ሳንቲሞች በናስትሮ ጠቅልዬ አፍንጫዋ ውስጥ እወትፋለሁ። አጥብቃችሁ ወትፉ ታዲያ። የላላ ሳንቲም አፍንጫዋ ቀና ስትል ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ያኔ መጸለይ ብቻ ነው የሚቀራችሁ።

የእኔ ኃጢአት

ኤልሮን፣ ማለትም ከክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሰው ክፍል፣ ተገልብጦ መሥራቱን ሳያዩ መወርወር። ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ጀማሪ ሳልሆን።

ሁለት ሜትር ክንፍ ያላት ግላይደር ነበረች። ማታ ሪሞቱ ላይ አዲስ ሞዴል፣ ማለትም ለእሷ ብቻ የሚሆን ቅንብር፣ ከፍቼ ሰርቮዎቹን (ኤልሮኑንና ሌላውን የሚያንቀሳቅሱትን ትንንሽ መሣሪያዎች) አስተካከልኩ። ስቲኩን፣ የሪሞቱን መሪ ዘንግ፣ ሳንቀሳቅስ ኤልሮኖቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ ደስ አለኝ። ያላስተዋልኩት ነገር፣ የቆምኩት በአፍንጫዋ በኩል ነው። ፊት ለፊት ስትቆሙ ቀኝና ግራው እንደ መስታወት ይዞርባችኋል። በማግስቱ ሱሉልታ ላይ ወረወርኳት። ወደ ግራ ዘመም ስትል ወደ ቀኝ መለስኳት፤ ይባስ ወደ ግራ ሄደች። የበለጠ መለስኳት። ባህር ዛፍ ላይ ወጥታ ቀረች። አንድ እረኛ ልጅ ወጥቶ አወረደልኝ። ግማሽ ክንፍ እያቀበለኝ «ጋሼ፣ ሌላው የት ሄደ?» አለኝ።

ከኋላዋ ቁሙ። ስቲኩን ወደ ቀኝ ግፉ። የቀኙ ኤልሮን ወደ ላይ መነሳት አለበት። ስቲኩን ወደ ራሳችሁ ስትስቡ ደግሞ ጭራዋ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ኤለቬተሩ፣ ወደ ላይ ይነሳል። ይሄን ማታ እቤት አንዴ፣ ሜዳ ላይ ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት ደግሞ አንዴ አድርጉት። ሪሞቱ ላይ የተመረጠው ሞዴል የዛሬዋ ግላይደር መሆኑንም እግረ መንገዳችሁን እዩ።

የቆላ ቪዲዮ አይቶ ደጋ ላይ መብረር

ይሄን የማስተማሪያ ቪዲዮዎቹ አይነግሯችሁም። ቪዲዮውን የሚሠሩት አብዛኞቹ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ የማይል አገር ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። እኛ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነን። እዚህ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም 12 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት። እዚያ በሰከንድ 7 ሜትር የምትበር ግላይደር እዚህ ወደ 8 ትፈልጋለች ማለት ነው። እንጦጦ ላይ ደግሞ ይጨምራል።

ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ስህተት የሚያሠራው ግን ዓይናችሁ ነው። ጀማሪው ቪዲዮ ላይ ያየውን ዝግታ ይጠብቃል። ግላይደሯ ስትነጉድበት «ፈጠነችብኝ» ብሎ ስቲኩን ይስባል። ያ ፍጥነት እኮ የሚያስፈልጋት ነው። ሲነጥቃት ትቆማለች፣ ትወድቃለች።

ውርወራውም እንደዚያው ነው። ልጆቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው እንደ ድንጋይ ወደ ሰማይ ይወነጭፋታል። ሁለተኛው እንዳትሰበር ሳስቶ እንደ እርግብ ይለቃታል። ሁለቱም ያው ናቸው፤ የመጀመሪያው ወደ ላይ ስትወጣ ፍጥነቷ ያልቃል፣ የሁለተኛው ከእጁ የምትወጣው ያለ ፍጥነት ነው። ጦር ሲወረወር አይታችኋል? እንደዚያ ነው። ሦስት አራት እርምጃ ሮጥ ሮጥ፣ ክንፎቿ ወደ አንድ ጎን ሳያጋድሉ፣ አፍንጫዋ ከፊታችሁ 30 ሜትር ላይ ያለ አንድ ሣር እያየ፣ በቀጥታ ወደ ነፋሱ። ወደ ላይ አይደለም። ሣሩን ልትወጉት እንደሆነ አድርጋችሁ ግፏት። ስቲኩን ወዲያው አትንኩ፤ ምን ማድረግ እንደምትፈልግ መጀመሪያ እዩላት።

ባጭሩ የማልፋቸው

ግማሽ የሞላ ባትሪ ይዞ መውጣት። ማታ መብራት ሄዶ ነበር ማለት ግላይደር አያድንም። የሊፖ ባትሪ አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ለኩት።

የሲግናል መቀበያዋን አንቴና ካርቦን ገላ ውስጥ መቅበር። ካርቦን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሲግናል ይከልላል። ጫፎቹን አውጧቸው፤ ሁለት ከሆኑ እርስ በርስ በ90 ዲግሪ ይሁኑ።

ኤልሮኖቹ ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል እንዲሄዱ መተው። ወደ ታች የወረደው ኤልሮን ክንፉን ወደ ኋላ ስለሚጎትተው አፍንጫዋ እናንተ ከምትፈልጉት በተቃራኒ ትዞራለች። ወደ ላይ የሚነሳው ወደ ታች ከሚወርደው እጥፍ ያህል ይሂድ።

ሳይጠይቁ መውጣት። መሃል አዲስ አበባ ነን። ሪሞት የያዘ ሰው ያየ ፖሊስ «ድሮን ነው» ቢል አይፈረድበትም። ፈቃድ አስቀድሞ ነው። ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ባሉበት ደግሞ ፈቃድ ቢኖርም አይወረወርም። ጃንሜዳ ላይ እኔ የማደርገው በማለዳ፣ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ከሰው ቁመት ብዙም የማያልፍ የእጅ ውርወራ ብቻ ነው። ለከፍታ ሱሉልታ እንሄዳለን፤ እዚያም ጠይቀን።

ከፍታ ላይ፦ ዳይቭ ቴስቱን በተቃራኒ ማንበብ

ሱሉልታ ላይ በላስቲክ ጎትተን እንሰቅላታለን። መጀመሪያ ትሪሟን፣ ማለትም ስቲኩ ሳይነካ ኤለቬተሩ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ አስተካክላችሁ ስቲክ ሳትነኩ ቀጥ ብላ እንድትበር አድርጉ። ከዚያ ዳይቭ ቴስቱ፣ ማለትም ሲጂዋን ቁልቁል አስኪዶ መፈተሽ፣ ይመጣል፦ አፍንጫዋን ከአግድም 30 ዲግሪ ያህል ወደ ታች አድርጉና ስቲኩን ልቀቁ። ፍጥነት እስክትይዝ ጠብቁና እዩ።

በኃይል ቀና ካለች አፍንጫዋ ከብዷል ማለት ነው። ሁሉም ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ወደ ላይ ስለወጣች ጭራዋ ከብዷል ይሉና እርሳስ ይጨምራሉ። ተቃራኒው ነው። አፍንጫዋ ስለከበደ ኤለቬተሩን ወደ ላይ ትሪም አድርጋችሁ ነው የያዛችኋት፤ ስትፈጥን ያ ትሪም ይበረታል፣ ቀና ያደርጋታል። ትንሽ ሳንቲም አውጡ፣ ትሪሙን መልሱ፣ ድገሙት። ዳይቩ እየጠለቀ ከሄደ ግን ጭራዋ ከብዷል፤ ቀስ ብላችሁ አንሷት፣ አሳርፏት፣ እርሳስ ጨምሩ። ቀስ ብላ ራሷ ቀና ካለች በቃ፣ አትንኳት። ለጀማሪ ከዚያ የተሻለ የለም።

አራት ሰዓት ገደማ መሬቱ ሲሞቅ ጭልፊቶቹ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እየዞሩ ወደ ላይ ሲወጡ ታያላችሁ። እዚያ ሞቃት አየር አለ። ሲጂዋ ያልተስተካከለ ግላይደር ይዛችሁ ግን ወደዚያ አትሂዱ። አንዴ ሄጄ ጭልፊቷ ራሷ መንገድ ለቃልኛለች።

ልጁ ሐሙስ ማታ ደወለልኝ። ክንፉን አጣብቆታል፤ «ፀሐይ 2» የሚለው ጽሑፍ መሃሉ ላይ ስንጥቅ አለው። ሲጂውን ስጠይቀው 6 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው አለኝ። «ግን ጋሼ፣ ሰባት ብር በላች።»