ሁለት ክኒን ሲታዘዝ፦ የደም ግፊት ታካሚዎች ደጋግመው የሚሠሯቸው ስህተቶች

የምሠራው ደብረ ማርቆስ ነው፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ። አንድ የገበያ ቀን አንዲት እናት መጡና የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ሁለት ዓይነት ክኒን ተደባልቆ መስኮቱ ላይ ተዘረገፈ። «ልጄ፣ ከነዚህ የሚሻለውን ምረጥልኝና ሌላውን ልተወው» አሉኝ። አንዱ አምሎዲፒን ነው፤ ሌላው ኢናላፕሪል። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም።

«ሁለት ከታዘዘልኝ በሽታው ጠንቶብኛል»

አይደለም። አብዛኛው ታካሚ በአንድ መድኃኒት ብቻ ግፊቱ ከ140/90 በታች አይወርድለትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ፣ ሕክምናው ገና ሲጀመር ሁለት መድኃኒት አጣምሮ መስጠትን ይመክራል። ቢቻል ደግሞ ሁለቱም በአንድ ክኒን ውስጥ ቢሆኑ ይመረጣል ይላል።

ለእኚያ እናት ያስረዳኋቸው በበሬ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል እንጂ ያንኑ አንዱን እየገረፈ አያርስም። አምሎዲፒን የደም ሥርን ያላላል። ኢናላፕሪል ሰውነት የደም ሥር የሚያጠብ ንጥረ ነገር እንዳያመርት ይከለክላል። ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ሆኖ የሚመጣው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ትርፍ ጨውና ውኃ በሽንት ያስወጣል። የአንዱን መጠን እጥፍ ከማድረግ ሌላ ዓይነት መጨመሩ ግፊቱን ይበልጥ ያወርዳል። መጠን ሲበዛ የጎንዮሽ ጉዳቱም ይበዛልና።

«ቀንበሩስ የቱ ነው?» አሉኝ እየሳቁ። እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም።

አንዱን በራስ ፈቃድ መጣል

አምሎዲፒን አንዳንድ ሰው ላይ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። ሰውዬው ያንን ሲያይ «ኩላሊቴን ነካው» ብሎ ይጥለዋል። እብጠቱ የሚመጣው ግን የደም ሥሮቹ ሲላሉ ፈሳሽ ወደ እግር ስለሚሰርግ ነው። ለሐኪም ይነገር፤ ሌላ ምክንያት እንደሌለው ያያል፣ መጠኑንም ሊቀንስ ይችላል። የሚገርመው፣ ኢናላፕሪል አብሮ ሲወሰድ ይሄው እብጠት ይቀንሳል።

ኢናላፕሪል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ደረቅ ሳል። ስንቱ ሰው ነው ለዚህ ሳል ሽሮፕ ሊገዛ የሚመጣው! ሽሮፕ አያጠፋውም። ሐኪሙ ሎሳርታን በሚባል ሌላ የግፊት ክኒን ይቀይረዋል፤ ሳሉም በጥቂት ሳምንታት ይለቃል። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ክኒኑን አቁሞ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

ያልዋጡትን «ዋጥኩ» ማለት

እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ከደጀን በኩል የመጡ አንድ አባት ክኒናቸው ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ሐኪሙ ሲጠይቃቸው አፈሩና «እየዋጥኩ ነው» አሉ። ግፊታቸው ሲለካ የላይኛው ቁጥር 170 ሆነ። ሐኪሙም ያሉትን አምኖ ሦስተኛ ጨመረ። እሳቸው ቤት ገብተው ሦስቱንም በአንዴ ጀመሩ፤ ከመኝታቸው ሲነሱ ዞሮባቸው ወደቁ። ደግነቱ አልተሰበሩም። ሐኪም ፊት «ሁለት ሳምንት አቋርጫለሁ» ማለት ነውር የለውም፤ ሐኪሙ በየቀኑ የሚሰማው ነገር ነው።

«ወረደልኝ» ብሎ የሚያቆምም አለ። የወረደው ክኒኑ ስላለ ነው።

ከጎረቤት መዋስ

ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው የጎረቤቱን ሎሳርታን ቢደርብ ጥቅም አያገኝም። ሁለቱ በአንድ መንገድ የሚሠሩ ናቸው። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ኦንታርጌት የተባለ ትልቅ ጥናት የእነዚህን ሁለት ወገን መድኃኒቶች አጣምሮ ሞክሮ ነበር። ልብን ከአንዱ የበለጠ አልጠበቀም፤ በኩላሊት ላይ ግን ጉዳት ጨመረ። በሬ ከበሬ ጋር ሁሉ አይጠመድም።

ከዚህ የባሰው ዲክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ ነው። አጨዳ ሲደርስ ወገብ ይታመማል፣ ሰውም ያለ ማዘዣ ይገዛዋል። ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ከኢናላፕሪልና ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ኩላሊትን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። አይቡፕሮፌንም ያው ነው። ለወገብ ሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። ማስታገሻ ሲገዙ የግፊት ክኒን እንደሚወስዱ ይናገሩ።

በጾም ማቋረጥ

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። 55 ቀን ያለ ክኒን መቆየት ቀላል ነገር አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው በቀን አንዴ የሚወሰደውን ክኒን ጾሙን ሲፈታ ሊውጠው ይችላል፤ ሰዓቱን ብቻ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት። የንስሐ አባትንም መጠየቅ ነው። ጸበል የሚሄድም ክኒኑን ይዞ ይሂድ። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ለወጥና ለጉንፋን ይሁኑ፤ የክኒን ምትክ አይሆኑም።

እርግዝናን አለመናገር

ኢናላፕሪልም ሎሳርታንም ፅንስን ይጎዳሉ። በእርግዝና ጊዜ እንደ ሜቲልዶፓና ኒፌዲፒን ያሉ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። ስለዚህ ልጅ የምታስብ ሴት ቀድማ ትናገር። ሳታስበው ካረገዘችም ባወቀችበት ቀን ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ የሚቀጥለውን ቀጠሮ አትጠብቅ።