መቅሉባዬ ለምን ይፈርስ ነበር

ዮርዳኖስ፣ አማን ከተማ ውስጥ የምሠራበት ቤት ሰዎች ፍልስጤማውያን ናቸው። ረመዳን ሲገባ በየጁምዓው ለማፍጠሪያ መቅሉባ ይፈልጋሉ። ስሙ በአረብኛ «የተገለበጠ» ማለት ነው፤ ድስቱ ትሪ ላይ ይገለበጥና ሩዙ፣ ዶሮውና ደበርጃኑ እንደ ኬክ ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። የኔ ግን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ፈረሰ። አንዴማ አዛን እየተባለ፣ ሁሉም ተምሩን በእጁ ይዞ እያየኝ፣ ድስቱን ሳነሳው ገንፎ የመሰለ ነገር ትሪው ላይ ዝርግፍ! ማዳም ሳቀች። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጥፋቱ መረቁ ላይ ነበር። ዝም ብዬ እሞላው ነበር። አሁን ሩዙን 30 ደቂቃ ዘፍዝፌ በደንብ አጠንፍፋለሁ፣ ዶሮው የተቀቀለበትን መረቅ ደግሞ ከሩዙ በላይ አንድ ጣት ያህል ብቻ እንዲሆን፣ የደረደርኩትም እንዳይናድ፣ በጭልፋ ቀስ እያልኩ አፈሳለሁ። ደበርጃኑን ጨው ነስንሼበት ውሃውን ሲያወጣ አደርቀውና እጠብሰዋለሁ፤ አለዚያ ዘይቱን እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል። ከሥር ቲማቲም በስሱ ቆርጬ አነጥፋለሁ፣ ድስቱን እንዳይዝ።

ከዚያ መቸኮል የለም (የኔ ትልቁ በሽታ እሱ ነበር)። እሳቱን አጥፍቼ ክዳኑን ሳልነካ 20 ደቂቃ አሳርፈዋለሁ። ትሪውን ገጥሜ እገለብጥና የድስቱን ቂጥ መታ መታ አድርጌ፣ ትንሽ ቆይቼ ቀስ ብዬ አነሳለሁ።

ባለፈው ጁምዓ ሳይነቃነቅ ቆመ። እርጎና ሰላጣ አጠገቡ አስቀመጥኩ። ትንሿ ልጅ ከመብላቷ በፊት ፎቶ አነሳችው።