ማንነቷ ያልታወቀ ልጅ ፍለጋ የገባችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ እነዚህን አታድርጉ

ሰሞኑን የቆዩ የአሜሪካ ኬዞችን በአማርኛ የሚተርኩ የዩቲዩብ ልጆች በዝተዋል፣ ደስ ይላል፣ ችግሩ ቪዲዮው ባለቀ በማግስቱ ስንቱ ሰው ኢንቦክስ ገብቶ «አገኘኋት!» ይላል። ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በፊት ሞታ የተገኘች፣ ስሟን የሚያውቅ የጠፋ፣ ፖሊስ «ጄን ዶ» ብሎ የመዘገባትን ልጅ ማለቱ ነው። ስሜቱ ይገባኛል፣ እኔም ከሥራ በኋላ ማታ ማታ እነዚህን ፋይሎች ከማየት ሌላ ሱስ የለኝም። ግን አንድ አይነት ስህተት ደጋግሞ ማየት ሰለቸኝ፣ ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ምሳሌ የማደርገው በደንብ የማውቀውን ኬዝ ነው፣ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ኖቬምበር 10 ቀን 1979 ኒውዮርክ ስቴት ውስጥ ካሌዶኒያ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ከሩት 20 መንገድ ዳር ያለ የበቆሎ ማሳ ውስጥ አንዲት ልጅ በጥይት ተመታ ተገኘች። መታወቂያ የላትም፣ ሌሊቱን ደግሞ ከባድ ዝናብ ጥሎ ማስረጃውን አጥቦታል። ዳንስቪል በሚገኘው ግሪንማውንት መቃብር ያለ ስም ተቀበረች፣ 35 ዓመት እንደዛ ቆየች። በጃንዋሪ 2015 ስሟ ታወቀ፣ ታሚ ጆ አሌክሳንደር፣ ከብሩክስቪል ፍሎሪዳ፣ 16 ዓመት ከሞላት ገና ሳምንቷ ነበር።

ግምቱን እንደ መታወቂያ ካርድ ማንበብ

ፋይሉ ላይ ዕድሜ ከዚህ እስከዚህ፣ ቁመት ይሄን ያህል፣ ክብደት ይሄን ያህል ሲል ጀማሪው ወዲያው ቁጥሩን ማጣሪያ ውስጥ ያስገባና ከዛ ውጪ ያለውን ሰው ሁሉ ይጥላል። ኧረ ግምት ነው! በ1968 ኬንታኪ ውስጥ ጆርጅታውን አጠገብ በድንኳን ሸራ ተጠቅልላ የተገኘች ሴት ነበረች፣ «ቴንት ገርል» አሏት፣ ከ16 እስከ 19 ብትሆን ነው ብለው ገመቱ፣ ከዛ ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲፈልግ የኖረው የጠፋች የሃይስኩል ተማሪ ነው። በ1998 ስትታወቅ ባርባራ አን ሃክማን ቴይለር ሆና ተገኘች፣ የ24 ዓመት ባለትዳር፣ የልጅ እናት። ያገኛት ቶድ ማቲውስ የሚባል የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፣ የሟቿ እህት ኢንተርኔት ላይ የለጠፈችውን የፍለጋ ማስታወቂያ አንብቦ። ዕድሜዋ አይገጥምም ብሎ ቢያልፈው ኖሮ በቃ፣ አለቀ።

እኔ ዕድሜው ላይ ከላይም ከታችም አምስት ዓመት እጨምራለሁ፣ ክብደት የሚለውን ጭራሽ አላየውም። የፀጉር ቀለምም ያው ነው፣ ታሚ ጆ ራሷ ፊት ለፊት ያለው ፀጉሯ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ጠባሳ፣ የጥርስ አቀማመጥ፣ የተሰበረ አጥንት፣ እዚህ ላይ ግን ጥብቅ ሁኑ።

ሬሳው የተገኘበት ቦታ ዙሪያ ብቻ መሽከርከር

ካሌዶኒያ ላይ የተገኘችው ልጅ ገላዋ ላይ የቢኪኒ ምልክት ነበር፣ ፀሐይ ያጠቆራት ልጅ ናት። በኖቬምበር፣ ኒውዮርክ፣ ካናዳ አፍንጫ ስር! ይሄ ብቻውን ከሞቃት አገር ነው የመጣችው ማለት ነው። ኋላ ላይ ልብሷ ላይ የቀረውን የአበባ ብናኝ መርምረው ፍሎሪዳ፣ ደቡብ ካሊፎርኒያ፣ አሪዞና ወይ ሰሜን ሜክሲኮ ቆይታ ነበር አሉ። ፍሎሪዳ ዝርዝሩ ውስጥ አለች፣ ግን አራት ሰፊ ቦታ ነው የሰጧችሁ፣ ከአራቱ ደስ ያላችሁን መርጣችሁ «ሳይንስ አረጋገጠ» አትበሉ። ብሩክስቪልና ካሌዶኒያ በመኪና መንገድ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በዛን ጊዜ ልጆች መንገድ ዳር ቆመው የማያውቁት ሰው መኪና ላይ መሳፈር ብርቅ አልነበረም።

ሟቿ ተናገረች የተባለውን ቃል በቃል ማመን

በኖቬምበር 1980 ቴክሳስ ሃንትስቪል አጠገብ ሞታ የተገኘችውን ልጅ ከመሞቷ በፊት ያዩዋት ሰዎች ነበሩ። ኤሊስ እስር ቤት በየት በኩል ነው ብላ ጠይቃለች፣ ከየት ነሽ ስትባል ሮክፖርት ወይ አራንሳስ ፓስ አካባቢ ብላለች፣ ሁለቱም የቴክሳስ የባህር ዳር ከተሞች ናቸው። ሄደው ጠየቁ፣ እስር ቤቱንም ጠየቁ፣ የሚያውቃት ጠፋ። በ2021 ስትታወቅ ሼሪ አን ጃርቪስ ናት፣ 14 ዓመቷ፣ ከሚኒሶታ፣ የአገሪቱ ሌላኛው ጫፍ። ከትምህርት ቤት ትቀራለች ተብሎ መንግሥት ከቤተሰቧ ወስዷት የነበረች ልጅ ናት። ታዲያ ከዛ አምልጣ መንገድ ላይ ያለች ልጅ ለማታውቀው ሰው እውነተኛ አድራሻዋን ምን በወጣት ትናገራለች? ቃሏን መዝግቡት፣ ግን መነሻ እንጂ አጥር አታድርጉት።

ዳታቤዝ ውስጥ ከሌለች አልጠፋችም ብሎ ማሰብ

ይሄኛው ስውር ነው፣ ጎበዝ የሚባሉትም ይወድቁበታል። የጠፉ ሰዎችን ዝርዝር ከላይ እስከታች አይተው «የለችም» ብለው ኬዙን ይዘጋሉ። ታሚ ጆም አልነበረችም! ከዛ በፊትም ከቤት ትጠፋ ስለነበር የሆነ ቦታ የራሷን ኑሮ ጀምራ ይሆናል ተብሎ ታስቦ፣ ፋይል የሚባል ነገር አልነበራትም። በ2014 የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ልትፈልጋት ስትነሳ ነው ያወቀችው፣ ሄዳ ኸርናንዶ ካውንቲ ሸሪፍ ጋ ራሷ አስመዘገበች፣ ኦገስት ላይ። ናምአስ በሚባለው የመንግሥት ዳታቤዝ ወጣች፣ በሴፕቴምበር ካርል ኮፐልማን የሚባል ሰውዬ አያት። ካሊፎርኒያ የሚኖር የሂሳብ ባለሙያ ነው፣ በትርፍ ጊዜው ያልታወቁ ሟቾችን ፊት ይስላል፣ የካሌዶኒያዋንም ቀድሞ ስሏት ነበር፣ ፊቷን ያውቀዋል። ጥቆማ ላከ፣ ከግማሽ እህቷ በተወሰደ ዲኤንኤ ተረጋገጠ። 35 ዓመት ያልተፈታው ነገር ሪፖርቱ በወጣ በወሩ ጥቆማ ተገኘለት፣ ስለዚህ ዝርዝሩን በየቀኑ ከማየት ይልቅ አዲስ የገቡ የድሮ ኬዞችን መከታተሉ ይሻላል። ዘንድሮ የተመዘገበ የ1978 መጥፋት ካያችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

የናምአስ ፋይል ላይ «ከዚህች ጋ ተመሳክራ አይደለችም የተባሉ» የሚል ስም ዝርዝር አለ። ጥቆማ ከመላካችሁ በፊት እሱን እዩ። በቃ፣ ስለዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ቤተሰብ ጋ መጻፍ

ይሄን ለመጻፍ ነው የተነሳሁት። የሆነ ሰው ማታ ስድስት ሰዓት ላይ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ያደርግና «አፍንጫቸው አንድ ነው» ይላል፣ ከዛ የጠፋችዋን ልጅ እናት ፌስቡክ ላይ ፈልጎ ያገኛታል፣ «ሰላም እናቴ፣ ልጅሽን ያገኘኋት ይመስለኛል» ብሎ የሬሳ ስዕል ይልክላታል። ይሄን ያደረገ ሰው ስክሪንሾቱን በኩራት ልኮልኛል! እንዴ! እኛ እኮ መርዶ በስልክ የማንናገር ሰዎች ነን፣ ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ደጋፊ ሰው መኖሩ ተጣርቶ፣ በማለዳ ነው ቤቷ የሚኬደው፣ ውጭ አገር ላለችም ቢሆን መጀመሪያ ጓደኛዋ ተፈልጋ ነው። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ሞቱ ለተረጋገጠ ሰው ነው። እናንተ ላልተረጋገጠ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ለተሳሳተ ነገር፣ በሜሴንጀር፣ ከማታውቋት ሴትዮ ጋ።

ደግሞ አስቡት፣ ለአንዲት ያልታወቀች ልጅ በዓመታት ውስጥ ስንት «እሷ ናት» የተባለች ይኖራል፣ ትክክል የምትሆነው አንዷ ብቻ ናት፣ የቀሩት ሁሉ ግን እናት አላቸው። በጁላይ 1982 ኒውጀርሲ ብሌርስታውን መቃብር ውስጥ የተገኘችውን «ፕሪንሰስ ዶ» የሚሏትን ውሰዱ። በ1979 ከካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ የጠፋች ሌላ ልጅ ናት የሚል ሐሳብ ተነስቶ ዓመታት ተወራ፣ ጋዜጣም ወጣ፣ በ2003 በዲኤንኤ ሲታይ አይደለችም። በ2022 ዶውን ኦላኒክ ሆና ተገኘች፣ ከሎንግ አይላንድ ኒውዮርክ፣ 17 ዓመቷ። የሳን ሆዜዋ ልጅ ቤተሰብ ያን ሁሉ ዓመት በሌላ ሰው ልጅ መቃብር ሲታመስ ከረመ፣ ልጃቸው ደግሞ የለችም። እና ይሄ በባለሙያ እጅ የሆነ ነው፣ አማተሩ ሲጨመርበት ምን እንደሚመስል ገምቱ።

ስለዚህ ለእናት፣ ለአባት፣ ለእህት፣ «ለመጠየቅ ያህል» ብላችሁም ቢሆን አትጻፉ። ቤተሰቡ በአደባባይ ገጽ ከፍቶ መረጃ ያለው ይጻፍልን ካለ እንኳን መጀመሪያ ለፖሊስ። አልመለሱልኝም ትላላችሁ፣ አዎ አይመልሱላችሁም፣ መልስ የመስጠት ግዴታ የለባቸውም፣ ያ ቤተሰቡን ለማስጨነቅ ፈቃድ አይሆንም።

ስዕሉን እንደ ፎቶ ማየት

ከሬሳ ወይ ከራስ ቅል ተነስቶ የተሳለ ፊት ነው፣ ፈገግታዋን ማንም አላየም። የፊት ማወዳደሪያ አፕ ውስጥ አስገብታችሁ «87 ፐርሰንት» አለኝ የምትሉኝ፣ አትላኩልኝ።

ልብስና ጌጥ ላይ ተረት መገንባት

ካሌዶኒያዋ ቀይ የወንድ ጃኬት ለብሳ ነበር፣ ሱሪዋ ላይ የልብ ቅርጽ ያለው ቁልፍ መያዣ ተንጠልጥሏል፣ «ቁልፉን የያዘ ልቤን ይከፍታል» የሚል ነገር ተጽፎበት። ይሄን ያየ ሁሉ ቁልፉን የያዘውን ፍቅረኛ ፍለጋ ይነሳል። ቁልፉ እኮ እዛው ነበር፣ ሁለቱም እሷው ላይ ነው የተንጠለጠሉት! ፋይሉን እስከመጨረሻው አንብቡ። ጃኬቱም የገዳዩ ሊሆን ይችላል፣ ያሳፈራት የሆነ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ከጓደኛዋ የተዋሰችው ሊሆን ይችላል።

ታዋቂ ገዳይ መለጠፍ

ሄንሪ ሊ ሉካስ የካሌዶኒያዋንም እኔ ነኝ ብሎ ነበር፣ የሚደግፍ ማስረጃ አልተገኘም። ሰውዬው ያላመነው ግድያ የለም ማለት ይቀላል። በ1979 ቴክሳስ ውስጥ ለተገኘችው «ኦሬንጅ ሶክስ» ሞት ተፈርዶበት ኋላ በ1998 የሞት ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረለት፣ ምክንያቱም በዛ ቀን ፍሎሪዳ ሥራ ላይ እንደነበረ የሚያሳይ ነገር ነበር። እና «ሉካስ በዛ አካባቢ ነበር» የሚል ጥቆማ ለማንም አይጠቅምም።

ዲኤንኤ ላይ ያላችሁ ግራ መጋባት

ሰው ዘሩን ለማወቅ ምራቁን የሚልክላቸው ኩባንያዎች፣ አንሴስትሪና ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ፣ ፖሊስ ዳታቤዛቸውን እንዲፈትሽ አይፈቅዱም። ለዚህ ሥራ የሚውሉት በዋናነት ጄድማችና ፋሚሊ ትሪ ዲኤንኤ ናቸው፣ ጄድማች ላይ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ፖሊስ ወንጀለኛ ሲፈልግ ሰውየው ራሱ ካልፈቀደ አይታይም። ሼሪ ጃርቪስን ያወቋት በዚህ የዘር ሐረግ መንገድ ነው፣ ኦትራም የሚባል የቴክሳስ ላብራቶሪ ሠርቶት። የሩቅ ዘመድ ይገኛል፣ ከዛ ዛፉን እየሠሩ ይወርዳሉ። ግን ዳታቤዙ ውስጥ ያለው አብዛኛው ሰው ዘሩ ከአውሮፓ ነው፣ የኛ ሰው በጣም ጥቂት ነው፣ በዛ ላይ እኛ ስማችን በአባት ስለሚሄድ በቤተሰብ ስም ዛፍ መሥራት ከሦስት ትውልድ በላይ አያስኬድም። የጠፋ ዘመድ ያላችሁ እዚህ አሜሪካ ካላችሁ፣ በፖሊስ በኩል በነፃ የቤተሰብ ናሙና መስጠት ይቻላል፣ አስጠይቁ።

ጥቆማ ስትልኩ አንድ ስም፣ ሁለቱ የኬዝ ቁጥሮች፣ የሚገጥሙ ነገሮች፣ ደግሞ የማይገጥሙትንም ጻፉ። የማይገጥመውን የደበቀ ጥቆማ መርማሪው በአንድ ደቂቃ ያውቀዋል። ሃያ ስም በአንድ ኢሜይል የሚልኩ ሰዎች አሉ፣ እባካችሁ።

ስሟ ሲታወቅ ጥሎ መሄድ

ለፈላጊው ጨዋታው ያለቀ ይመስለዋል፣ ገጹም ጭር ይላል። ታሚ ጆን የገደለ ሰው አልተያዘም። ከመሞቷ በፊት ሊማ በምትባል የኒውዮርክ ከተማ ምግብ ቤት ውስጥ ከአንድ ወንድ ጋ ስትበላ አይቻታለሁ ያለች አስተናጋጅ አለች፣ መነጽር ያደረገ ሰው፣ ቡናማ ስቴሽን ዋገን መኪና። ከፍሎሪዳ እዛ ድረስ እንዴት ደረሰች፣ ከማን ጋ፣ በየት በኩል፣ ስም ያላት ልጅ ሆና ነው አሁን የሚጠየቀው፣ ያወቋት ሰዎች ደግሞ ስልሳዎቹን ይዘዋል። በ1979 ብሩክስቪል የኖረ፣ እዛ የተማረ፣ በዛ መንገድ ትራክ የነዳ ሰው የምታውቁ ካላችሁ የሊቪንግስተን ካውንቲ ሸሪፍ ስልክ ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ለኔ ሳይሆን እዛ ደውሉ።