ትልቅ ጄኔሬተር ስትገጥሙና ስትፈትሹ ከእነዚህ ስህተቶች ራቁ

ያገለገለ 50 ኬቪኤ ጄኔሬተር ገዝቶ ግቢው ውስጥ የሚያድስ ወጣት በዝቷል። ደስ ይለኛል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ ከመፈለግ ይሻላል። ግን «መጥተህ እይልን» ብለው ሲጠሩኝ የማገኘው ስህተት ሁሌም ያው ነው።

ኒውትራሉ! ሦስቱን ፌዝ፣ ማለትም ኮረንቲ የሚያመጡትን መስመሮች፣ በወፍራም ኬብል ጥብቅ አድርገው ያስራሉ። ኒውትራሉን፣ የመመለሻውን መስመር፣ ግን በቀጭን ሽቦ ጠምዝዘው ይተዉታል። «እሱማ ኮረንቲ የለውም» ይሉኛል። የሌለው እኮ የሦስቱ ፌዝ ጭነት እኩል ሲሆን ብቻ ነው! ቤት ውስጥ ደግሞ እኩል የሚሆንበት ቀን የለም። ኒውትራሉ ከተላቀቀ አንዱ ፌዝ ላይ ያለው ምጣድና ሌላው ፌዝ ላይ ያለው ቴሌቪዥን ተከታትለው 380 ቮልት መሐል ይገባሉ። ከቮልቱ አብዛኛው ቴሌቪዥኑ ላይ ያርፋል። ብሬከሩም አይወርድም።

እኔም አድርጌዋለሁ። የእህቴ ልጅ የተመረቀ ዕለት የኒውትራሉን ብሎን በእጄ አጥብቄ በቁልፍ ሳልደግመው ቀረሁ። የሞተሩ ንዝረት ፈታው። ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም እንግዳ ፊት ተቃጠሉ። እህቴ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። እስከ ዛሬ የሚከብደኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ኒውትራሉን የፌዙን ያህል አወፍሩት። ምንም ነገር ከመሰካታችሁ በፊት እያንዳንዱን ፌዝ ከኒውትራል ጋር ለኩ።

ቼንጅ ኦቨር፣ ማለትም ቤቱን ወይ ከቆጣሪው ወይ ከጄኔሬተሩ ብቻ የሚያገናኝ ማዞሪያ፣ ሳይገባለት ከቆጣሪው መስመር ጋር የተገናኘ ጄኔሬተር ካየሁ አጥፍቼው ነው የማወራው። ኮረንቲው ወደ መንገድ ይወጣል፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ወደ 15,000 ቮልት ያሳድገዋል። መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ የሰው ልጅ አለ።

ዝግ ክፍል ውስጥ አታስነሱ፤ ጭሱ ይገድላል። የፌዙን ቅደም ተከተል ካላረጋገጣችሁ ወፍጮና ፓምፕ ወደ ኋላ ይዞራሉ።

ወደ ጭነት ፍተሻው ስንመጣ፣ ባዶውን አስነስቶ «ይሠራል» ማለት ፍተሻ አይደለም። ጭነት እንዲሆን ብሎ በርሜል ውስጥ የጨው ውሃ ሞልቶ ኤሌክትሮድ መንከርም ይቅር፤ ልጆች ባሉበት ግቢ ጭራሽ አይታሰብም። ለዚህ ሥራ እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሆን አላገኘሁም። ያረጁትን ከዘመድ ከጎረቤት ለምኑ። አንዱ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይበላል። 50 ኬቪኤ ማለት በ0.8 ፓወር ፋክተር (ከኬቪኤው ውስጥ ኪሎዋት የሚሆነው ድርሻ) 40 ኪሎዋት ነው። ስለዚህ በየፌዙ አንድ አንድ ምጣድ ስትጨምሩ ሩብ ያህል ጫናችሁ ማለት ነው። ስድስቱ ግማሽ፣ ዘጠኙ ሦስት አራተኛ አካባቢ ይሆናሉ። ሁሉንም በአንዴ አትጫኑ። በየደረጃው ቮልቱን፣ ኸርዙን፣ የዘይት ግፊቱንና ሙቀቱን ጻፉ። ምጣዱን በፌዝና በኒውትራል መሐል እንጂ በሁለት ፌዝ መሐል እንዳታስሩት።

ሜካኒካል ገቨርነር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ) ያለውን ባዶውን 50 ኸርዝ ላይ የሚያስተካክሉም አሉ። ሙሉ ሲጫን ወደ 48 ይወርድባቸዋል። ባዶውን 52 አካባቢ አድርጉት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቱርቦ የሌለው ሞተር ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ሙሉ ጉልበት አይሰጣችሁም። ዘጠነኛው ምጣድ ላይ ጥቁር ጭስ ከጀመረ ዐሥረኛውን አትጨምሩ።

ስትጨርሱ ምጣዶቹን ሦስት ሦስት እያላችሁ አውርዱ። ሞተሩን ባዶውን 5 ደቂቃ አስኪዱትና አጥፉት። ሲቀዘቅዝ ቁልፍ ይዛችሁ ወደ ኒውትራሉ ብሎን ተመለሱ።