በፓይተን ኔምድታፕል ላይ የመስኮችን ዓይነት እንዴት ማስቀመጥና መልሶ ማንበብ እንደሚቻል

በፓይተን ኮሌክሽንስ ሞጁል ውስጥ ከ2.6 ቅጂ ጀምሮ የሚገኘው የቆየው ኔምድታፕል (እሴቶችን ስም በተሰጣቸው መስኮች የሚይዝ መዝገብ) የመስኮችን ስም እንጂ ዓይነት ስለማይይዝ፣ የትኛው መስክ ቁጥር፣ የትኛው ደግሞ ጽሑፍ እንደሆነ የሚመዘገብበት ስፍራ የለውም። ይህን ለማሟላት በመጀመሪያ ታይፒንግ ከተባለው ሞጁል ኔምድታፕልን ኢምፖርት ያድርጉ። የዚህኛው ስም በትላልቅ ኤን እና ቲ ይጻፋል፤ በትንንሽ ፊደላት ብቻ የሚጻፈው የቆየው ነው።

ቀጥሎ ከእርሱ የሚወርስ ክላስ ይፍጠሩ፤ ይህ አጻጻፍ ከፓይተን 3.6 ጀምሮ ይሠራል። የሱቅ ዕቃ የሚመዘግቡ ከሆነ ክላሱን «ዕቃ» ብለው፣ በየመስመሩ ስም፣ ዋጋና ብዛት የሚሉትን መስኮች ይጻፉ፤ ከእያንዳንዳቸው በኋላ የላቲኑን ኮለን አድርገው ዓይነቱን፣ ማለትም በቅደም ተከተል ስትሪንግ፣ ፍሎትና ኢንት የሚለውን ያስከትሉ። ፓይተን 3 በግዕዝ ፊደል የተጻፉ ስሞችን ይቀበላል፤ የግዕዙን ሁለት ነጥብ ግን በኮለን ፋንታ አይቀበልም። ሞክሼ ፊደላትንም አንድ አያደርጋቸውም፤ መስኩን በንጉሡ ሠ «ሥም» ብሎ ፈጥሮ በእሳቱ ሰ «ስም» ብሎ የሚጠራ ሰው መስኩ የለም የሚል ስህተት ይገጥመዋል።

ለብዛት ዜሮን መነሻ እሴት (ሌላ ካልተሰጠ የሚያዝ) ማድረግ ከፈለጉ ከዓይነቱ በኋላ በእኩል ምልክት ይስጡት። መነሻ እሴት ያላቸው መስኮች ከሌላቸው በኋላ መምጣት አለባቸው።

የጻፏቸው ዓይነቶች የሚቀመጡት በክላሱ ላይ ነው፤ ሺህ ዕቃ ቢመዘገብም የሚጋሩት የመስኩን ስም ከዓይነቱ ጋር የሚያያይዝ አንድ ዲክሽነሪ ነው። እርሱን ለማየት በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት የስር ሰረዝ ያለበትን አኖቴሽንስ የተባለ አትሪቢዩት ከክላሱ ላይ ይጥሩ። ቀድሞ ይኸው መረጃ በአንድ የስር ሰረዝ በሚጀምረው ፊልድ ታይፕስ ውስጥም ይገኝ ነበር፤ ነገር ግን በ3.9 ስለተወገደ፣ እርሱን የሚጠራ የቆየ ኮድ ካለዎት ስሙን መቀየር ብቻ ይበቃል። ዓይነቶቹ በጥቅስ ውስጥ እንደ ጽሑፍ ተጽፈው ከሆነ ግን ዲክሽነሪው ዓይነቱን ራሱን ላይመልስልዎ ስለሚችል፣ የታይፒንግን ጌት ታይፕ ሂንትስ ፋንክሽን መጠቀም ይሻላል፤ እኔም ሁልጊዜ የምመርጠው እርሱን ነው።

በመጨረሻ ኮዱን ማይፓይን በመሰለ የዓይነት መርማሪ ያስፈትሹ። ፓይተን ራሱ ፕሮግራሙ ሲሄድ ዓይነቱን አያጣራም፤ በዋጋ ቦታ «ሃምሳ ብር» የሚል ጽሑፍ ቢሰጡት ያለአንዳች ተቃውሞ ይመዘግበዋል።