ሎንግቦርዳችሁ (ረጅሙ ስኬትቦርድ) ጠጠር ላይ ድንገት እየቆመ ለሚወረውራችሁ

ሌላ ቦርድ ከመፈለጋችሁ በፊት ጎማውን ብቻ ቀይሩ። ዲያሜትሩ ከ70 ሚሊሜትር የማያንስ፣ ጥንካሬው 78ኤ አካባቢ (ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ይለሰልሳል) የሆነ ለስላሳ ጎማ ይሁን። የጅማ ዝናብ አስፋልት ላይ ጥሎት የሚሄደው ጠጠር ትንሹንና ደረቁን ጎማ ቀጥ ያደርገዋል፤ ትልቁና ለስላሳው ግን ዋጥ አድርጎት ያልፋል።

ከገጠማችሁ በኋላ ቦርዱ ላይ ቆማችሁ ወደ ጎን በደንብ አዘንብሉ። ጎማው እንጨቱን ከነካ በትራኩ (ጎማዎቹን በያዘው ብረት) እና በእንጨቱ መሃል ወፈር ያለ ላስቲክ አስገቡ (ረዘም ያለ ብሎን ይፈልጋል፣ በድሮው አትታገሉ)።

ይሄ ለመንሸራሸርና ለመጠማዘዝ ነው። ከጅሬን ኮረብታ ቁልቁል ለመውረድ ለሚያምራችሁ ግን ላስቲኩ ከመሬት ከፍ ስለሚያደርጋችሁ አይሆንም፤ ለዚያ ትራኩ በእንጨቱ ቀዳዳ የሚያልፍበት ዝቅ ያለ ቦርድ ይሻላል። ቦርዱን ወደ ጎን አንሸራታችሁ የምታቆሙም ተጠንቀቁ፣ ለስላሳ ጎማ አስፋልቱን ቆንጥጦ ይይዛል።